ካርቶን እንጨት አይደለም፦ የአልበምና የካርድ ማስጌጫ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንዲት ጀማሪ ለአልበም ማስጌጫ ‹ቺፕቦርድ› ግዢ ብያት ቁም ሳጥን ሠሪዎች ዘንድ ሄዳ የቺፕውድ ቁራጭ ተሸክማ መጣች። አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ቺፕውድ ማለት የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራው የቁም ሳጥን ጣውላ ነው። የአልበምና የካርድ ሠሪዎች ቺፕቦርድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካገለገለ ወረቀት ተጨፍልቆ የሚሠራ ድፍን ካርቶን። የስዕል ደብተር ጀርባ ላይ ያለውን ግራጫ ወፍራም ካርቶን አስቡት። ፊደል፣ አበባ ወይም ልብ ይቆረጥበታል፤ ከዚያ ቀለም ይቀባል ወይም ወረቀት ይለብስና ገጹ ላይ ይለጠፋል።

የልጅቷን ነገር ያነሳሁት ለሳቅ አይደለም። ትክክለኛውን ካርቶን የያዝነውም ብንሆን ስንሠራበት እንደ እንጨት ነው የምናየው። ጠንከር ስላለ ወረቀት መሆኑን እንረሳለን። ወረቀት ደግሞ ይጠጣል፣ ይጣመማል፣ ይላጣል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ከዚያ የሚመጡ ናቸው፤ አብዛኞቹንም በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ።

ያገኙትን ካርቶን መቁረጥ

የቴሌቪዥን ወይም የብስኩት ማሸጊያ፣ ውስጡ ሞገድ ያለው ካርቶን፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ስትቆርጡት ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳው ይታያል፤ ጫን ካላችሁትም ይሰረጉዳል። ድፍን ካርቶን ፈልጉ፤ ለፊደል 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይበቃል። ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ በከተር መቁረጡ ለጣት ቅጣት ነው።

ሥራው ፎቶ ያለበት አልበም ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ተራው ግራጫ ካርቶን አሲድና ሊግኒን ሊኖረው ይችላል። ሊግኒን እንጨትን እንጨት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ ቢጫ የሚሆነውም በእሱ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ካርቶን ከፎቶ ጋር ተጣብቆ ዓመታት ሲቆይ ፎቶውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ‹ከአሲድ ነጻ› የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ ከሊግኒንም ነጻ መሆኑን እዩ። አይኤስኦ 18916 የሚባለውን ፈተና ማለፉ ከተጻፈበት ደግሞ እሰየው፤ ያ ፈተና ወረቀቱ ወይም ሙጫው ፎቶን ይጎዳ እንደሆነ የሚለይ ነው። ካልተገኘ ማስጌጫውን ከፎቶው አርቃችሁ ለጥፉ። ለልደት ካርድ ግን ይህን ያህል አትጨነቁ፤ ካርዱ ከሳምንት በኋላ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ፊደሉን ከውጭ ወደ ውስጥ መቁረጥ

አሜሪካም ሆነ አውሮፓ በዕደ ጥበብ ዕቃ መደብሮች ተቆርጠው የሚሸጡት ፊደሎች በአብዛኛው የላቲን ናቸው። ስለዚህ ለአራስ ካርድ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ብሎ መጻፍ የፈለገ ሰው 12ቱንም ፊደል ራሱ መቁረጥ አለበት። ብዙ ሰው በቅድሚያ የፊደሉን ዙሪያ ይቆርጥና ከዚያ ወደ ውስጡ ቀዳዳ ይሄዳል። ያን ጊዜ በእጁ የቀረው ጣት የማታክል ቁራጭ ናት፤ መያዣ የላትም፣ ከተሩ ትንሽ ሲንሸራተት ቀለበቷ ትበጠሳለች። የ‹ቀ› እና የ‹ም› ሆድ፣ የኃምስ ፊደሎች ቀለበት፣ እንደ ‹ኳ› ያሉት ተቀጥያዎች ሁሉ ካርቶኑ ገና ሙሉ ሳለ መቆረጥ አለባቸው። ውስጡ ካለቀ በኋላ ዙሪያው ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ እስከ ታች ለመድረስ አትጫኑ፤ ቀለል አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ በዚያው መስመር ተመላለሱ። ምላጩም ሲደንዝ ካርቶኑን ይተለትለዋልና ቶሎ ለውጡት።

በማሽን የምትቆርጡም ብትሆኑ ተራው ምላጭ ለወፍራም ካርቶን አይበቃም። ለምሳሌ ክሪከት ሜከር ለዚህ ብሎ የተሠራ ምላጭ አለው፤ እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ይቆርጣል፣ ደጋግሞ እየሄደ ስለሆነ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ልባሱን ገልብጦ መቁረጥ

ይህን የሚስተው ሰው ብዙ ነው፣ እኔን ጨምሮ። ፊደሉን አበባ ያለበት ወረቀት ላለብሰው ብዬ ወረቀቱን በጀርባው ዘረጋሁ፣ ፊደሎቹን ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ በእርሳስ ዞርኳቸው፣ 12ቱንም በጥንቃቄ ቆረጥኩ። ሳገላብጣቸው ሁሉም ግራና ቀኛቸው ተቀያይሮ አረፈው። ‹በ› እና ‹ጠ› ቢሆኑ ኖሮ ቢዞሩም ያው ናቸው፤ ‹ረ› እና ‹ች› ግን በራሳቸው ካርቶን ላይ አልገጥም አሉ። ያ አበባ ወረቀት ደግሞ የመጨረሻዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእርሳስ መዞር ትቻለሁ። የካርቶኑን ፊት ስስ ሙጫ እቀባና ወረቀቱ ጀርባ ላይ በደረቱ አስተኛዋለሁ። መጽሐፍ ጭኜበት ሲደርቅ የካርቶኑን ጠርዝ ተከትዬ ትርፉን እቆርጣለሁ። የቀረችውን ጭራ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በጥፍር ሞረድ አነሳታለሁ፤ ግን ከፊት ወደ ጀርባ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ወዲያና ወዲህ ከሞረዳችሁት ወረቀቱ ከካርቶኑ ይነሳል።

ቀለሙን በባዶ ካርቶን ላይ መቀባት

ግራጫ ካርቶን ላይ በቀጥታ ቢጫ ብትቀቡ የምታገኙት ጭቃ ነው። ካርቶኑ ቀለሙን ይጠጣዋል፤ የጠጣውንም ግራጫው ከሥር ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ስትደግሙ ካርቶኑ ይርሳል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ቀለሙ ግን አሁንም አልፈካም። መጀመሪያ ነጭ መደብ ያስፈልገዋል። ሠዓሊዎች ለሸራ የሚጠቀሙበት ጄሶ ለዚህ ተስማሚ ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ግድግዳ የሚለሰንበትና የተሰበረ እጅ የሚታሰርበት ጄሶ አይደለም። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ የጣልያን ቃል ነው፣ የሠዓሊው ግን ኖራማ ዱቄትና ነጭ ቀለም በአክሪሊክ ተለውሶ የሚሸጥ ነው። የግድግዳውን በጥብጣችሁ ብትቀቡት ካርቶኑ ትንሽ ሲታጠፍ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። የሠዓሊው ካልተገኘ ነጭ አክሪሊክ ቀለም በስሱ ቀብቶ ማድረቅ ይሠራል።

ቀለሙን በስፖንጅ ነካ ነካ ማድረግ በብሩሽ ከማንደባለል ይሻላል፤ ውኃው ያንሳል። አንዱን ልባስ ሳታደርቁ ሌላውን አትደርቡ። እንዲህም ሆኖ ካርቶኑ ወደ ተቀባው ጎን መቆልመሙ አይቀርም፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ፊቱን ይዞ ይጎትታል። መድኃኒቱ ጀርባውንም አንድ ጊዜ መቀባት ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጎን እኩል ይጎተታል። የአዲስ አበባ ክረምት ላይ የምትሠሩ ደግሞ ከሰዓት የቀባችሁትን ለማታ አትጠብቁት፤ ይደር። ሲነኩት የደረቀ የሚመስለው ከውስጥ ገና እርጥብ ነው።

ጠርዙን መርሳት

የሚያምር ቀይ ልብ በዙሪያው ግራጫ መስመር ይዞ ሲለጠፍ ከሩቅ ያስታውቃል። ጠርዙን ከፊቱ ቀድማችሁ ቀቡት፤ ወደ ፊቱ ያመለጠው በኋላ ይሸፈናል። ለቁርጥራጭ ፊደል የማኅተም ቀለም ንጣፉን ራሱን በጠርዙ ላይ መጎተት ከብሩሽ ይፈጥናል። በዚሁ ላይ፣ በውኃ የሚሠራ የማኅተም ቀለም ላይ ቫርኒሽ ብትቀቡ ቀለሙ ተነስቶ ይለወሳል፤ በቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ አትግቡበት።

ሙቀት ላይ መቸኮል

ኢምቦሲንግ የሚባለውን፣ ሲሞቅ የሚቀልጥ የማስጌጫ ዱቄት በሚያጣብቅ ቀለም ላይ ነስንሶ በሙቀት ማቅለጥ ለካርቶን ልክ እንደ ሸክላ ግላዝ ያለ አንጸባራቂ መልክ ይሰጠዋል። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንዱ ካርቶኑ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው፤ ሲሞቅ በዱቄቱ ሥር ይተናል፣ ፊቱ አረፋ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ዱቄቱን ከመነስነሳችሁ በፊት ባዶውን ካርቶን ለጥቂት ጊዜ አሙቁት። ሌላው የፀጉር ማድረቂያ ነው። ሙቀቱ አይበቃም፣ ነፋሱ ይበዛል፤ ዱቄቱ ሳይቀልጥ ከጠረጴዛው ተነስቶ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ለሥራው የተሠራ የሙቀት ማሽን ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ ካቆያችሁት ደግሞ ካርቶኑ ይለበለባል፤ ዱቄቱ ማንጸባረቅ ሲጀምር ወደ ቀጣዩ ሂዱ።

ማስቲሽ

ለጫማ የሚይዝ ለካርቶንም ይይዛል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። መያዙን ይይዛል። ግን ሽታው አልበሙን በከፈታችሁ ቁጥር ይቀበላችኋል፣ ከጊዜ በኋላም በወረቀቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ነጩ ኮላ ይበቃል፣ በስሱ ከሆነ። ሲበዛ የታችኛውን ገጽ አርሶ ያጨማድደዋል። ጠርዙ ድረስ በጥርስ መፋቂያ እንጨት አዳርሱት፣ ክብደት ጫኑበት። ብልጭልጭ ያለበት ከሆነ ግን መጀመሪያ በቫርኒሽ እሰሩት፤ የሚረግፈው ብልጭልጭ የፎቶ ፊት ይጭራል።

አልበሙ እንደሚዘጋ መርሳት

ገጹ ተከፍቶ ሲታይ ያማረ ሁሉ ሲዘጋ እንደዚያው አይደለም። 2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ አሥር ገጽ ላይ ሲሆን 20 ነው፣ አልበሙም አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከዚያ የባሰው ፊት ለፊት ያለው ገጽ ነው። አንድ የሠርግ አልበም ላይ በግራው ገጽ ‹ፍቅር› ብዬ የለጠፍኩት በቀኙ ገጽ ካለችው የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ወጣ። አልበሙ ወራት ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ የ‹ፍ› ቅርጽ ፎቶው ላይ ሰርጉዶ ቀረ። ሙሽራዋ ስቃ አለፈችው፤ እናቷ ግን አልሳቁም። አሁን ሙጫ ከመክፈቴ በፊት ማስጌጫዎቹን በቦታቸው አስቀምጣለሁ፣ ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ቀስ ብዬ አስተኛባቸዋለሁ፣ በመዳፌም እዳብሰዋለሁ። እብጠቱ ያረፈው የሰው ፊት ላይ ከሆነ ማስጌጫውን ወደ ጥግ እገፋዋለሁ።