ከጆሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሚነሳ ምስል ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ኮሌስቴቶማ በመሃል ጆሮ ውስጥ ያለቦታው የሚያድግ ቆዳ ነው። አጥንት እየበላ ስለሚሄድ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ማስቶይድ የሚባል አጥንት ከፍቶ ማውጣት የግድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ታካሚውም ሐኪሙም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም?

የመጀመሪያው ስህተት ታካሚውን ያለ ቀዶ ሕክምና ሪፖርት ለምስል መላክ ነው። ወረቀቱ ላይ «የጆሮ ሲቲ» ብቻ ከተጻፈ፣ ራዲዮሎጂስቱ የጎደለውን ሰንዳን አጥንት (ከመሃል ጆሮ ትንንሽ አጥንቶች አንዱን) በሽታው በልቶት ይሁን ቀዶ ሐኪሙ አውጥቶት በምን ያውቃል? የጆሮ ቦይ የኋላ ግድግዳ ተነስቷል? ቀዶ ሕክምናው የተወው ክፍተት በጡንቻ ወይም በስብ ተሞልቷል? ታካሚዎች የሪፖርቱን ቅጂና የድሮውን ምስል ሳይዙ ባይሄዱ እመክራለሁ።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚጎዳው፣ ሲቲ ላይ ግራጫ ሆኖ የታየውን ሁሉ «ተመልሷል» ማለት ነው። ክፍተቱ አየር ብቻ ከያዘ ሲቲ ጥሩ ማረጋገጫ ይሰጣል። ግራጫ ከሞላው ግን ጠባሳም፣ ፈሳሽም፣ ያበጠ ሽፋንም፣ ኮሌስቴቶማም ሊሆን ይችላል፤ ሲቲ አይለያቸውም። በዚህ ብቻ ሰውን ዳግም ለቀዶ ሕክምና ማስተኛት ተገቢ አይደለም። የሚለየው ዲፊውዥን የሚባለው የኤምአርአይ ምስል ነው፤ ኮሌስቴቶማ ውስጥ የታጨቀው ኬራቲን (የቆዳ ቅርፊት) ደምቆ ይወጣበታል። ለዚህ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አያስፈልግም። ከጆሮው በላይ ያለው ስስ አጥንት ተቀዶ አንጎል ወርዶ ከሆነም ኤምአርአይ ያሳያል፤ ይህን ጠባሳ ነው ብሎ መቁረጥ አደገኛ ነው።

ኤምአርአይ ማዘዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ለስትሮክ የሚነሳው የተለመደው ኢኮ ፕላናር ዲፊውዥን አየርና አጥንት በሚገናኙበት በጆሮ አካባቢ ይዛባል፤ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰውን በቀላሉ ያሳልፋል። ኢኮ ፕላናር ያልሆነው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያለውን ያገኛል። ስለዚህ ማዘዣው ላይ በስሙ ይጻፍ።

መቸኮልም ስህተት ነው። ሳይወጣ የቀረ ኮሌስቴቶማ ለመታየት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ምስሉ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ አንዴ ንጹሕ ሆነ ብሎ ክትትል ማቋረጥም አይገባም። ከምስሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ኮሌስቴቶማው በሠራው ኪስ ውስጥ ያለው ኬራቲን በመምጠጫ ከወጣ በሽታው ሊደበቅ ይችላል። በአንጻሩ የጆሮ ኩክና መግልም ስለሚደምቁ፣ ምስሉ ከጆሮ ምርመራው ጋር ይነበብ።

ሲቲ የሚያስፈልግ ከሆነ የጭንቅላት ሲቲ የጆሮን አይተካም፤ ቁራጩ ከ1 ሚሊሜትር የሳሳ መሆን አለበት።

የተተከለ ነገር ያለውን ሰው ሳይጠይቁ ኤምአርአይ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ኮክሊያር ኢምፕላንት (ለመስማት የሚተከል መሣሪያ) ማግኔት ስላለው፣ በየትኛው የማሽን ኃይልና በምን ጥንቃቄ እንደሚፈቀድ ከመታወቂያ ካርዱ ላይ ይታያል። የመሃል ጆሮ ትንሽ አጥንት በሆነው በእርካብ አጥንት ቦታ የሚገቡት ፒስተኖች (ሰው ሠራሽ ምትኮች) አብዛኞቹ ችግር የላቸውም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1987 ተሠርተው ማግኔት የሚስባቸው ሆነው በመገኘታቸው የተሰበሰቡ ነበሩና፣ የቆየ ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው የፒስተኑ ዓይነትና ዓመት አስቀድሞ ይጣራለት።