የቆየ የፓኬጅ ቨርዥን ከማከማቻው ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ትናንት ከማከማቻው (ፕሮግራሞች ከሚወርዱበት የኢንተርኔት መጋዘን) ያለ ችግር ይጫን የነበረ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) ዛሬ «የለም» ለተባለባቸው የኡቡንቱና የዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነቶች) ሰርቨር ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ኢንተርኔቱ እንደሚሠራ፣ ዲስኩ እንዳልሞላና የፓኬጁ ስም ሳይሳሳት እንደተጻፈ ተረጋግጧል ብዬ እነሣለሁ።

የስህተት መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ብቻ አይቶ ስልክ ያነሣል። «404 ኖት ፋውንድ» የሚል ከሆነ ያረጀው በማሽኑ ላይ ያለው የፓኬጆች ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ከማከማቻው የተነሣ ፋይል ስለሚጠራ ማከማቻው አያገኘውም። «ቨርዥን ኖት ፋውንድ» ዓይነት መልእክት ከሆነ ግን ዝርዝሩ አዲስ ነው፤ ያረጀው በስክሪፕቱ (ሰርቨሩን በሚገነባው የትእዛዞች ፋይል) ውስጥ የተጻፈው የቨርዥን ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው ዝርዝሩን በሚያድሰው «አፕት አፕዴት» ይፈታል፤ አፕት ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ ነው። በዶከር (ፕሮግራሞችን በተለየ ጥቅል ውስጥ በሚያሠራው መሣሪያ) ላይ ከታየ ደግሞ ዝርዝሩን የሚያድሰው ትእዛዝና ፓኬጁን የሚጭነው ትእዛዝ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ተጽፈው እንደሆነ ይመልከቱ። ዶከር የፊተኛውን መስመር ውጤት ከካሽ (ለድጋሚ አገልግሎት ካስቀመጠው ቅጂ) አውጥቶ ስለሚጠቀምበት ከወራት በፊት በተወሰደ ዝርዝር ለመጫን ይሞክራል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማያያዝ ይበቃል።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ሁለተኛው ነው። የኡቡንቱ 22.04ን ኤንጂን ኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም) እንውሰድ። ኡቡንቱው ሲወጣ አብሮ የወጣው 1.18.0-6ኡቡንቱ14 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስህተቶች በታረሙና የደኅንነት ቀዳዳዎች በተደፈኑ ቁጥር 14.1፣ 14.2፣ 14.3 እያለ ቀጠለ። የማከማቻው ዝርዝር የመጀመሪያውን ቨርዥን እንዳለ ይይዛል፤ ከዝማኔዎቹ ግን የሚያቆየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ 14.3 በአዲስ ዝማኔ በተተካ ጊዜ ከዝርዝሩ ወጣ፣ ፋይሉም ቆይቶ ተነሣ። የተበላሸ ነገር የለም፤ ማከማቻው የተሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። በስክሪፕቱ ላይ 14.3ን በቁጥር የቸነከረ ሰው ግን አዲስ ሰርቨር መገንባት ያቅተዋል፣ የቆዩት ሰርቨሮች ደግሞ ምንም ሳይሆኑ ስለሚሠሩ ጥፋቱን በኔትወርኩ ያሳብባል። በአንድ ድርጅት ውስጥ በዚሁ ምክንያት ፋየርዎሉ ተፈታትሾ፣ የኢንተርኔት መስመሩም ተቀይሮ ነበር፤ ስክሪፕቱን የከፈተ አልነበረም።

«አፕት-ካሽ ማዲሰን» ከፓኬጁ ስም ጋር ሲታዘዝ በማከማቻው ያለውን ሁሉ ያሳያል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ዝርዝሩ ላይ አዲሱንና የመጀመሪያውን 14 ብቻ የተመለከተ ሰው «የቆየው የተረጋጋ ነው» ብሎ 14ን ሲመርጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ይህ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ወዲህ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ሁሉ መልሶ መክፈት ነው።

ትክክለኛው ቁጥር የግድ ካልሆነ ከ14 በኋላ ያለውን በኮከብ ምልክት ይተኩ፤ አፕት ካሉት ውስጥ አዲሱን ይወስዳል። የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ብልሽት በየትኛው ቨርዥን እንደጀመረ ለማጣራት፣ ለዴቢያን ስናፕሾት ዶት ዴቢያን ዶት ኦርግ እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ ወደ ኋላ የሚሄዱ ቅጂዎችን ይዟል። የኡቡንቱው ስናፕሾት የሚጀምረው ከማርች 1 ቀን 2023 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ላውንችፓድ (የኡቡንቱ ፓኬጆች የሚሠሩበት ድረ ገጽ) ላይ ይገኛል። በቀን የተያዘ የዴቢያን ቅጂ ሲጠቀሙ አፕት «የሪሊዝ ፋይሉ (የማከማቻውን ይዘት የሚገልጸው ፋይል) ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ሊቆም ስለሚችል የጊዜ ምርመራውን ብቻ ለዚያ ምንጭ ያጥፉ። ፋይሉ ከትክክለኛው ባለቤት የመጣ መሆኑን የሚያጣራውን የፊርማ ምርመራ ግን አያጥፉ። በፍጹም አያጥፉ።

ከማይታወቅ ድረ ገጽ የዴብ ፋይል (ፓኬጁ የሚገኝበትን ፋይል) አውርዶ በግድ መጫን መፍትሄ አይደለም። ለሌላ የኡቡንቱ ቨርዥን የተሠራ ሊብኤስኤስኤል (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የምስጠራ ላይብረሪ) በዚህ መንገድ ገብቶበት ሌላ ፓኬጅ መጫንም ማራገፍም ያቃተውን ሰርቨር ከማስተካከል እንደ አዲስ መጫን ቀልሎ ተገኝቷል። «አፕት-ማርክ ሆልድ» ደግሞ በተጫነበት ማሽን ላይ ያለውን ቨርዥን ከመታደስ ያግዳል እንጂ ለነገው አዲስ ሰርቨር ፋይሉን አያስቀምጥም።

ብዙ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው አፕትሊን በመሰለ መሣሪያ የማከማቻውን የራሱን ቅጂ በቢሮው ውስጥ ቢይዝ ይሻለዋል፤ መስመር በሚቆራረጥበት በእኛ አገር ደግሞ ያው ቅጂ ሁሉም ማሽን ለየብቻው ከውጭ እንዳያወርድ ያደርጋል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙት የሚከተሉት ናቸው። በየስድስት ወሩ የሚወጡት የኡቡንቱ ቨርዥኖች የሚደገፉት ለዘጠኝ ወር ብቻ ሲሆን ከዚያ በኋላ ወደ ኦልድ-ሪሊዝስ አድራሻ ይዛወራሉ። የሴንትኦኤስ 7 (የሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ድጋፍ በጁን 30 ቀን 2024 ስላበቃ «ሚረርሊስት» የሚለው አድራሻ አይገኝም፤ ምንጩን ወደ ቮልት (ድጋፋቸው ያበቃ ቨርዥኖች ወደሚቀመጡበት አድራሻ) ማዞር ያስፈልጋል። በፒፒኤ (ላውንችፓድ ላይ ያለ የግለሰብ ማከማቻ) ላይ የቆየ ቨርዥን በአዲስ ሲተካ ይነሣል። በፓይተን ማከማቻ ላይ «ያንክድ» የተባለ (ባለቤቱ እንዳይጠቀሙበት ምልክት ያደረገበት) ቨርዥን በትክክለኛ ቁጥሩ ከተጠራ አሁንም ይጫናል፤ ባለቤቱ ፈጽሞ የሰረዘው ከሆነ ግን ከራስዎ ካሽ ወይም ከሶርስ ኮዱ ውጭ ማግኘቱ ይከብዳል።