ጡንቻ ወጥሮ መያዝና የሲሚንቶ ዳምቤል፦ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድሬዳዋ ውስጥ ቤቱ ስፖርት የሚሠራ ሰው ዕቃው ይታወቃል። የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ በቱቦ ብረት የተያያዘ ዳምቤል፣ 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን፣ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አንድ ጠንካራ ገመድ። እኔ ሳቢያን ባለች ጠባብ ጊቢ ውስጥ በእነዚህ ነው የምሠራው። ከእነሱ ጋር አይሶሜትሪክ የሚባለውን፣ መገጣጠሚያን ሳያንቀሳቅሱ ጡንቻን ወጥሮ መያዝን እቀላቅላለሁ። ቦታ አይፈልግም፣ ጎረቤት አይረብሽም። ሰዎች የሚነግሩኝ ችግር ግን ይመሳሰላል። አብዛኛው ከዕቃው አይመጣም። ውጥረቱን የት፣ መቼና በምን ዓይነት ትንፋሽ እንደምናስገባ ካለማወቅ ነው።

"ራሴን ይወጥረኛል፣ ያዞረኛል"

አንድ ማለዳ የጎረቤቴ ልጅ ከበር መቃን ጋር ሲታገል አየሁት። መዳፎቹን ግራና ቀኝ ተክሎ ይገፋል። ከንፈሩ ግጥም ብሏል። የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል። ሲለቅ ግድግዳውን ያዘ። "አቦ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው!" አለኝ።

ምክንያቱ የታፈነ ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ይዘን ስንገፋ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ የደም ግፊትም ባንዴ ሽቅብ ይወጣል። ስንለቅ ደግሞ ይወርዳል። ማዞሩ እዚያ ጋ ነው የሚመጣው።

መፍትሄው ጮክ ብሎ መቁጠር ነው። እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። ድምፃችሁ ከተቆረጠ ኃይላችሁን ቀንሱ። ልጁ በዚያው ቀን እስከ ስምንት እየቆጠረ ሠራ፣ ማዞሩም አልተመለሰም። ቆጥራችሁም ካልተወ ወይም ደረት ላይ ሕመም ከመጣ ግን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን በጥንቃቄ ያንብብ። በ2023 የወጣ፣ 270 ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና፣ በእረፍት ጊዜ የሚለካውን ደም ግፊት በማውረድ አይሶሜትሪክ ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች ቀዳሚ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዘርፍ የተለመደው አሠራር ግን በመጠነኛ ኃይል 2 ደቂቃ መያዝ፣ ማረፍ፣ ይህንንም አራት ጊዜ መደጋገም ነው። ባለ በሌለ ኃይል መቃን መግፋት ሌላ ነገር ነው። ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ፣ መድኃኒታችሁንም አታቋርጡ።

"መሃል ላይ ጠንካራ ነኝ፣ ከታች ሳነሣ ግን አቅም የለኝም"

ይህ በእኔም ደርሷል። ገመዱን ረግጬ፣ ክርኔን 90 ዲግሪ አጥፌ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሽቅብ ስጎትት ከረምኩ። እዚያች ቦታ ላይ ክንዴ ድንጋይ ሆነ። ዳምቤሉን ከታች ላነሣ ስል ግን ያው የድሮው ነው።

ወጥሮ መያዝ የሚሰጠው ጉልበት በአብዛኛው የያዛችሁበት ማዕዘንና ዙሪያው ላይ ይቀራል፤ ከግራም ከቀኝም 15 ወይም 20 ዲግሪ ያህል። ጡንቻው በተለጠጠበት ቦታ ላይ ሲያዝ ግን ጥቅሙ ወደ ሌላው ማዕዘን ይሻገራል። ስለዚህ ለአንድ ቦታ ብቻ ጊዜ ካላችሁ፣ ክንዱ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው ያዙ።

እኔ ገመዱ ላይ ሦስት ቋጠሮ አሠርኩ። አንዱ ጭኔ ጋ፣ አንዱ እምብርቴ ጋ፣ አንዱ ደረቴ ጋ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ከ6 እስከ 10 ሰከንድ እይዛለሁ። ሦስቱን ሁለት ዙር። ከዚያ ዳምቤሉን ከታች እስከ ላይ ቀስ አድርጌ ስምንት ጊዜ አነሣለሁ። ዳምቤሉ እዚህ ጋ አይቀርም፤ መንገዱን ሁሉ የሚያዳርሰው እሱ ነው።

"ከውጥረቱ በኋላ ዳምቤሉ ይከብደኛል"

ከመጠን በላይ ይዛችኋል። ሳታርፉም ነው የተሻገራችሁት። ከክብደት በፊት የሚያዘው አጭር ይሁን፣ ከዚያም ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፉ። እስኪያንቀጠቅጥ የሚያዘውን ወደ መጨረሻ ግፉት። መንቀጥቀጡ ራሱ የድካም ምልክት ነው፣ አያስፈራ።

"የእጄን አንጓ ያመኛል"

መጀመሪያ ዳምቤሉን ጠርጥሩ። ቤት የተሠራ ዳምቤል ሁለት ጫፉ እኩል አይመዝንም። ብረቱን አንድ ጣታችሁ ላይ አጋድሙት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉና በናስትሮ ምልክት አድርጉ። መሃል እጃችሁ እዚያ ላይ ይረፍ። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ቀላሉ ቆርቆሮ ላይ ሲሚንቶ ይጨመር። ዳምቤሉ ደህና ከሆነ ደግሞ አጀማመራችሁን እዩ። ገመዱን ባንዴ አትንጠቁት። ኃይሉን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ አሳድጉ፣ ስትለቁም እንዲሁ።

"ላስቲኩ ተበጠሰ"

ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከመጀመራችሁ በፊትም ለጥጣችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ወደ ፊታችሁ አቅጣጫ አትጎትቱ፤ ዓይን መተኪያ የለውም።

"ባቴ ይሸማቀቃል"

ሐረር የሚኖር ጓደኛዬ ወደ እኛ ወርዶ የለመደውን ልምምድ ሊጨርስ አልቻለም። ያለ ወንበር፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ቁጭ እንዳለ ባቱ ተያዘ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ሙቀታችን ሌላ ነው። ድካሙና ላቡ ሲደራረቡ ጡንቻው ሊሸማቀቅ ይችላል። ያን ጊዜ ጣቶቹን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ባቱን ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። ለወደፊቱ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ አትሥሩ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ሥሩ። የመያዣውን ጊዜ አሳጥሩ፣ እረፍቱን አስረዝሙ።

"ለውጥ እንዳለኝ አላውቅም"

ጄሪካን ውሃ ሲጨመርበት ለውጡ ይታያል። ግድግዳ ግን ቢገፉት ቁጥር አይናገርም። ባለ መርፌ የሰውነት ሚዛን ካላችሁ ደረታችሁ ትክክል ግድግዳው ላይ አቁሙትና መርፌውን ዜሮ ላይ አስተካክሉ። የእግራችሁን ቦታ በጠመኔ አስምሩ። ጮክ ብላችሁ እየቆጠራችሁ ግፉት፣ ስድስት ስትሉ መርፌው ያለበትን ጻፉ። ሁልጊዜ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሰዓት። ቁጥሩ ሦስት ሳምንት ካልተነቃነቀ መጀመሪያ የምትጨምሩት እረፍት ነው። በየቀኑ የምትገፉ ከሆነ በሳምንት ወደ ሦስት ቀን አውርዱት።