ለልብስ የሚሆን ክር አመራረጥ፦ ከጥጥና ከሱፍ እስከ ሊዮሴልና ፖሊስተር

አንድ ልብስ ከመግዛታችን በፊት ልናጣራው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ክሩ ከምን እንደተሠራ ነው፤ ልብሱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ሲታጠብ ወደ ወንዝ ምን ይዞ እንደሚወርድ፣ አርጅቶ ሲጣልም ከአፈር ይቀላቀል ወይም ሳይበሰብስ ይቆይ እንደሆነ የሚወሰነው ከሁሉ በፊት በዚህ ነውና። ብዙ ሰው ከተፈጥሮ የተገኘውን ሁሉ መልካም፣ ከፋብሪካ የወጣውን ሁሉ ጎጂ አድርጎ ይወስዳል። ይህ መነሻ ሊሆን ይችላል እንጂ ለመምረጥ አይበቃም፤ ወንዝ አድርቆ የበቀለ ጥጥ አለ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ አሥር ክረምት የሚያሻግር የናይለን የዝናብ ልብስም አለ። ስለዚህ ገዢው ክሩ ከየት እንደመጣ፣ በምን መንገድ እንደተሠራና ልብሱን ለምን ያህል ጊዜ ሊለብሰው እንዳሰበ አንድ ላይ ማየት ይኖርበታል።

ለአገራችን ሰው ቅርብ የሆነው ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ገላን አያፍንም፤ ውኃ ሲነካው ጥንካሬው ስለሚጨምር ተደጋጋሚ እጥበትንና የጋለ ካውያን ይችላል። ችግሩ ያለው ማሳው ላይ ነው፤ ብዙ ውኃ ይፈልጋል፣ ተባይም ይበዛበታል። በመካከለኛው እስያ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉት ወንዞች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስፋት ለጥጥ መስኖ በመጠለፋቸው የአራል ባሕር አብዛኛው ክፍል ደርቋል። በእኛም አገር የሚመረተው ጥጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአዋሽ ሸለቆ የሚለማው በመስኖ ሲሆን በመተማና በሁመራ ዙሪያ የሚዘራው በአብዛኛው የዝናብ ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ ደግሞ አነስተኛ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን የሚስብ የምግብ ርጭት በመጠቀም ያለ ኬሚካል ጥጥ ማምረት እንደሚቻል አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ከገዢዎች ትልቅ ድጋፍ ሊያገኝ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ጨርቁን በመዳሰስ ብቻ ጥጡ እንዴት እንደበቀለ ማወቅ አይቻልምና፣ ከውጭ አገር ሱቅ የሚገዛ ሰው ምልክቱን ማንበብ አለበት። ጎትስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ጨርቃ ጨርቅ መለኪያ ቢያንስ 70 በመቶ ኦርጋኒክ፣ ማለትም ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የበቀለ፣ ፋይበር ይጠይቃል፤ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ሙሉ ስያሜ ለመያዝ ደግሞ 95 በመቶ ያስፈልጋል። ኦኮ ቴክስ ስታንዳርድ 100 የተባለው ምልክት ግን ያለቀው ልብስ ለሰው ጤና ጎጂ የሆነ ኬሚካል እንዳይኖረው የሚመረምር ነው እንጂ ስለ ማሳውና ስለ ውኃው ምንም አይመሰክርም። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ስለ አገር ልብስ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ የተሠራ ጋቢ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ በታጠበ ቁጥርም ይለሰልሳል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ጥጥ እስከሆነ ድረስ ይህ ነውር የለበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በማጉና በጥለቱ ላይ ነው። የሚያብረቀርቅ ጥለት ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ ጥለት የታተመበት ፖሊስተርም እንደ ሸማ ሲሸጥ ይታያል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የሚገዛ ሰው የእጅ ፈትል መሆኑን ከመጠየቅ አልፎ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይገባዋል፤ በእጅ የተፈተለ ማግ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ግን የማሽን ነው።

ጥርጣሬ ካለ እውነቱን የሚያወጣው እሳት ነው። ከዘርፉ ወይም ከውስጥ ስፌቱ ጥቂት ክር ይመዘዝ፤ በወረንጦ ተይዞ፣ ከሥሩ ሳሕን ተደርጎ፣ ውኃም በአጠገብ ተቀምጦ ይለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፤ የሚተወው አመድ ግራጫና ልስልስ ነው። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ ከነበልባሉ ሲርቁ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይጠፋሉ፣ ቅሪታቸውም በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። ፖሊስተርና ናይለን እየተኮማተሩ ይቀልጣሉ፤ የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ቢያርፍ ክፉኛ ስለሚያቃጥል እጅን ማራቅ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም በጣት የማይፈረካከስ ድርቅ ያለ እንክብል ይሆናል። ድሩና ማጉ ለየብቻ ይሞከሩ፤ አንዱ ጥጥ ሆኖ ሌላው ድብልቅ ሊሆን ይችላልና። ይህ ዘዴ የማይለየው ጥጥንና ከእንጨት የሚሠራውን ቪስኮስን ነው፤ ሁለቱም መሠረታቸው ሴሉሎስ የተባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ስለሆነ አቃጠላቸው አንድ ነው።

ሱፍ ሽታ ቶሎ ስለማይዝ በየጊዜው መታጠብ አያስፈልገውም፤ ነፋስ ላይ ማናፈስ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። የመንዝ ዝተትና ባና በደጋ ብርድ ምን ያህል እንደሚያገለግሉ የለበሳቸው ያውቃል። በየገበያው ሱፍ እየተባሉ ከሚሸጡት ሹራቦች ብዙዎቹ አክሪሊክ የተባለ ሰው ሠራሽ ክር መሆናቸውን ግን ልብ ይሏል። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት 6 ኪሎ ግራም የአክሪሊክ ልብስ በአንድ አጠባ ከ700,000 በላይ ደቃቅ ጭረቶችን፣ ማለትም የክር ብናኞችን፣ ወደ ውኃ ሊለቅ እንደሚችል ገምተዋል። እነዚህ ጭረቶች ፕላስቲክ ናቸው። ስለ ሐር ለሚያስብ ሰው ደግሞ በኢትዮጵያም የሚረባው፣ የጉሎ ቅጠል የሚመገበው ኤሪ የተባለው ትል የሚሰጠው ሐር ጥሩ ምርጫ ነው፤ ቢራቢሮው ከወጣ በኋላ የቀረው ሽፋን ሊፈተል ስለሚችል ትሉን በውስጡ መቀቀል ግድ አይሆንም። ተልባም የተልባ እግር ጨርቅ ይሰጣል፤ የእኛ ተልባ ግን የሚዘራው ለፍሬው ነው።

በተፈጥሮና በፋብሪካ መካከል ያሉት ከእንጨት ሴሉሎስ የሚሠሩት ናቸው። ቪስኮስ፣ በሌላ ስሙ ሬዮን፣ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን አሠራሩ ካርቦን ዳይሰልፋይድ የተባለ፣ የሠራተኞችን ነርቭ የሚጎዳ ኬሚካል ይፈልጋል፤ ጨርቁም ሲረጥብ ይደክማል። ሊዮሴል የሚሠራበት ማሟሟያ ግን ከ99 በመቶ በላይ ተመልሶ ጥቅም ላይ ስለሚውል፣ ከዚህ ወገን መምረጥ ካለብኝ እሱን እመርጣለሁ። «የቀርከሃ» ተብሎ የሚሸጠው ልስልስ ጨርቅ በአብዛኛው ከቀርከሃ የተሠራ ቪስኮስ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ዋልማርትና ኮልስ የተባሉት ትልልቅ መደብሮች ሬዮንን በቀርከሃ ስም ሸጠዋል ብሎ ከሷቸው በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል።

ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ሲሆን ዛሬ በዓለም ከሚመረተው ፋይበር ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። ከውሃ ጠርሙስ ተመልሶ የተሠራው አዲስ ነዳጅ መቆጠቡ እውነት ነው፤ በእጥበት ጊዜ ጭረት መልቀቁ ግን አይቀርለትም። ስለዚህ ፖሊስተርና ናይለን አልፎ አልፎ ለሚታጠብ፣ ለብዙ ዓመት ለሚለበስ የዝናብ ካፖርትና ለሥራ ልብስ ይሁኑ፤ ለውስጥ ልብስ፣ ለሌሊት ልብስና ለሕፃናት ጥጥ ይመረጥ። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀሉበት ጨርቅ ለተማሪ ዩኒፎርም ጠንካራና ቶሎ የሚደርቅ በመሆኑ አልነቅፈውም፤ ሲያረጅ ግን ሁለቱን ለያይቶ ወደ አዲስ ክር መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሌላ ምክንያት ከሌለ ከአንድ ዓይነት ክር የተሠራው ይሻላል።

ከተገዛ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው አያያዙ ነው። ሰው ሠራሹ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ማሽኑ ሞላ ሲል ይታጠብ፤ ብዙ ጭረት የሚረግፈው በመፋተግ ነውና። በረኪና ሱፍንና ሐርን ይበላል፣ ጥጥንም እያደር ያሳሳል፤ ነጭ ሸማ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይበቃዋል። የጥጥ ልብስ ሲቀደድ በጥጥ ክር ይሰፋ፤ የፖሊስተር ክር ከጨርቁ ስለሚጠነክር በጊዜ ብዛት የስፌቱን ዳር ይቆርጠዋል፣ ልብሱ በመጨረሻ ሲበሰብስም እሱ ሳይበሰብስ ይቀራል።