ካራቫኔ ከኋላዬ ሲወዛወዝ የረዳኝ ሚዛን
ያገለገለ ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ገዝቼ መጎተት ስጀምር፣ ፍጥነቴ 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከኋላ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል። መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። በጣም ያስፈራል።

የጎማ ንፋስ አስተካከልኩ፤ ለውጥ የለም። መወዛወዝ የሚቀንስ ብረት ገዝቼ አስገጠምኩ፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ተበድሬ ትልቅ መኪና ልገዛ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በመጨረሻ መዘንኩት። ካራቫኑ ከነዕቃው 1000 ኪሎ ነው። ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዘውን የካራቫኑን የፊት ጫፍ በወፍራም እንጨት ደግፌ የሰው ሚዛን ላይ አሳረፍኩት። 50 ኪሎ ብቻ! እዚያ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው። ጄኔሬተሩንና የመፍቻ ሳጥኑን ከኋላ አንስቼ ከጎማዎቹ ወደፊት አሸጋገርኩ። 115 ሆነ። መወዛወዙ ቀጥ አለ።

መኪናችሁ መጎተቻው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል ግን አስቀድማችሁ መመሪያው ላይ እዩ።