እየሰራችሁ የዲጂታል ጤና ኮሙኒኬሽን ማስተርስ በኦንላይን እንዴት ትማራላችሁ

ይሄን የምጽፈው ስራውን ሳይለቅ የዲጂታል ጤና ኮሙኒኬሽን፣ ማለትም የጤና መልእክት በስልክና በኢንተርኔት ለህዝብ ማድረስን፣ በኦንላይን ፓርት ታይም መማር ለሚፈልግ ሰው ነው፣ ነርስ ሊሆን ይችላል፣ ጤና መኮንን፣ ወይም ጤና ቢሮ ውስጥ ህዝብ ግንኙነት ላይ የሚሰራ። እኔ የተማርኩት እዚሁ አገር ሆኜ በአንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስለዚ ቁጥሮቹ የዛን ሲስተም የሚከተሉ ናቸው፣ አሰራሩ ግን ሌላ ቦታ ብትማሩም ብዙ አይለይም።

ከማመልከታችሁ በፊት ሰዓቱን አስሉት

የእንግሊዝ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፣ አንድ ክሬዲት ደሞ 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ይታሰባል፣ በጠቅላላ 1800 ሰዓት ማለት ነው። በ2 ዓመት ልጨርስ ካላችሁ በየሳምንቱ ወደ 17 ሰዓት፣ በ3 ዓመት ከሆነ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፣ እሱም በዓል ሳትቆጥሩ፣ ዘመቻ ሳትቆጥሩ። ሙሉ ቀን የምትሰሩ ከሆነ የ3 ዓመቱን ምረጡ፣ የ2 ዓመቱ ልጅ ላለውና ተረኛ ለሚገባ ሰው አይሆንም ባይ ነኝ። ደሞ ብዙዎቹ ጋ 60 ክሬዲት ላይ ሰርተፊኬት፣ 120 ላይ ዲፕሎማ ይዞ መውጣት ይቻላል፣ ስለዚ ክፍያው በሞጁል (በየኮርሱ) መሆኑን ጠይቁ፣ ችግር ቢመጣ ባዶ እጃችሁን አትወጡም።

ክፍያው በፓውንድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ የድሮ ተማሪ የሚነግራችሁ የብር ዋጋ ዛሬ አይሰራም፣ በራሳችሁ ቀን አስሉት። ባንክ ስትሄዱ የቅበላ ደብዳቤና ኢንቮይስ ይዛችሁ ሂዱ። ስኮላርሺፕ ላይ ደሞ በየቴሌግራሙ የሚዞረውን ሊንክ ሁሉ አትሙሉ፣ የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ለአባል አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፣ ቼቭኒንግ ደሞ እዛው ሄዶ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ነው። ሌላው፣ የውጭ ዲግሪን የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ የመረጣችሁትን ፕሮግራም ስም ይዛችሁ ሄዳችሁ በኦንላይን የተገኘ ዲግሪ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት አሁኑኑ ጠይቁ፣ እድገት ስትጠይቁ ሳይሆን ገንዘቡን ሳትከፍሉ።

ኢንተርኔትና መብራት

ሌክቸር ቪዲዮውን ማየት ግዴታ አይደለም፣ ትራንስክሪፕቱን አውርዳችሁ አንብቡ፣ ፒዲኤፍ ሁሉ ቅዳሜ ማታ ይውረድና ሳምንቱን ያለ ኔት ይነበብ። የማታ ፓኬጅ ርካሽ ነው። ውድ ላፕቶፕ ከመግዛት ጥሩ ባትሪ ያለው መካከለኛ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ይሻላል።

ዲድላይኑን በራሳችሁ ሰዓት ጻፉት

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ጎበዝ ተማሪ ይጥላል። እንግሊዞች በክረምታቸው ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ከማርች የመጨረሻ እሁድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ግን ልዩነቱ 2 ሰዓት ነው። ማክሰኞ 23:59 የሚል ዲድላይን በክረምታቸው ለኛ ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 8:59 ነው፣ በበጋቸው 7:59። የባሰው ደሞ 12:00 የሚለው ነው። አብራኝ የተማረች አንዲት ልጅ 12:00 የሚለውን አይታ ማታ 12 ሰዓት አለች፣ እነሱ ግን የቀኑን እኩሌታ ነው ያሉት፣ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በቃ 3 ሰዓት አርፍዳ አስገባች፣ ያን ሁሉ የለፋችበትን ወረቀት የማርፈድ ቅጣት በላው። ሞጁሉ እንደተከፈተ ዲድላይኖቹን በሙሉ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ከዛ አንድ ቀን ቀንሱበት፣ መብራት የሚጠፋው መቼ እንደሆነ አይታወቅማ።

ንባብ

ሂናሪ የሚባለውን ካላወቃችሁ እወቁት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የጤና ጆርናሎች ማንበቢያ ነው፣ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት፣ ሆስፒታላችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከተመዘገበ ላይብረሪያኑ ፓስወርዱን ይሰጣችኋል። የዩኒቨርሲቲያችሁ ላይብረሪ የሌለውን ጆርናል አንዳንዴ እዛ ታገኛላችሁ። ፍለጋውን ከፐብሜድ ጀምሩ፣ የህክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው። ማጣቀሻ ማስቀመጫ ዞቴሮ ይበቃል፣ ነጻ ነው፣ ለኤንድኖት ብር አታውጡ። ዞቴሮ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ያገራችን ተመራማሪዎች ስም አንዴ በራሳቸው አንዴ በአባታቸው ይገባና አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይወጣል፣ ጆርናሉ ላይ እንደተመዘገበው አስገቡት፣ ሁሉም ላይ አንድ አይነት ይሁን።

አሳይመንቱን ከራሳችሁ ስራ አውጡት

ዋናው ነገር እዚህ ነው። የዚህ ትምህርት ትልልቆቹ አሳይመንቶች አንድ አይነት መልክ አላቸው፣ አንድ የህብረተሰብ ክፍል ምረጥ፣ የጤና ችግሩን አሳይ፣ በዲጂታል መንገድ መልእክት ቅረጽ፣ ለምን እንደሚሰራ በማስረጃ አስረዳ ይላሉ። አብዛኛው ተማሪ ወዲያው አፕ ይሰራል። በወረቀት ላይ የሚያምር አፕ፣ ቻትቦት ያለው ምናምን። አፑን ማን ይከፍተዋል? መነሳት ያለባችሁ ስልኩ በማን እጅ ነው ከሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ እስከመጨረሻው ልውሰዳችሁ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር እና በ15 ወር ይሰጣል። በመሃል ያለው ጊዜ ረጅም ነው፣ እናት ትረሳለች፣ ስለዚ አስታዋሽ ኤስኤምኤስ ይላክ ተባለ እንበል። መዝገቡን ስትከፍቱ የተጻፈው ስልክ ብዙ ጊዜ የባል ነው፣ ባልየው ደሞ ለስራ ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ቤት ውስጥ ላለ ሁሉ የጋራ ከሆነስ? ለክትባት ችግር የለውም፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ወይም ስለ ኤችአይቪ መድሃኒት ግን እንደዛ ብሎ መላክ ሰው ቤት ውስጥ እሳት መጫር ነው። ይሄን አንድ አንቀጽ አሳይመንታችሁ ላይ ጻፉትና የመምህሩን ኮሜንት እዩ፣ ከየትኛውም ቲዎሪ በላይ ነጥብ የሚያስገኘው እሱ ነው።

ቀጥሎ ፊደሉ። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው፣ ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ በየክፍሉ 67 ይሆናል፣ የሚከፈለው ደሞ በየክፍሉ ነው። ለ10,000 እናት የሚላክ ከሆነ አንድ ትርፍ ቃል በጀቱን እጥፍ ልታደርገው ትችላለች። ስለዚ ጨምቃችሁ ጻፉ፣ እንደዚ፦ «ውድ እናት፣ የልጅዎ ክትባት ማክሰኞ ነው። ካርዱን ይዘው ጤና ጣቢያ ይምጡ።» ከነክፍተቱ 47 ነው፣ ይገባል። የቆዩ ስልኮች ላይ ግን ፊደላችን አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚ በስልካችሁ ሳይሆን ሰዎቹ በያዙት ስልክ ሞክሩት።

አሁን መልእክቱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባት ክፍል በር ላይ ወረፋ ከያዙት እናቶች ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ በሉ፣ አስፈቅዳችሁ ስልኩን አሳዩና ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ «ምን ይላል?» እና «ይሄ ቢደርስዎት ምን ያደርጋሉ?»። ገባዎት ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁ፣ ሁሉም በአክብሮት ገብቶኛል ነው የሚሉት። እኔ ይሄንኑ መልእክት ስሞክር አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት እናት ቀስ ብላ አነበበችውና ቀና ብላ «የቱ ማክሰኞ?» አለችኝ። እንዲህ አይነት መልስ ነው የምትፈልጉት። «ማክሰኞ ግንቦት 5» ሆነ፣ 54 ፊደል፣ አሁንም በአንድ መልእክት ይገባል።

ቀኑ ሲገባ ሌላ ጉድ አለ። ውጭ አገር የተሰራ ሶፍትዌር ግንቦት 5ን 13/05 ብሎ በራሱ ይልከዋል፣ ያነበበው ሰው ጥር 13 ሊለው ይችላል፣ አምስተኛው ወር ጥር ነዋ። ሰዓቱን 8:00 ካለው እናትየዋ ጠዋት 2 ሰዓት መምጣቷ ቀርቶ ከሰዓት 8 ሰዓት ትመጣለች፣ ያኔ ክትባት ክፍሉ ስራ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ይሄን ያየ ሰው ዲዛይኑ ላይ «የወሩ ስም በቃል፣ ሰዓቱ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ» የሚል መስመር ያስገባል፣ እንግሊዛዊው መምህር በህይወቱ አስቦት አያውቅም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ።

ማንበብ የማይችል ካለ የድምጽ መልእክት አስቡ፣ ሰውየው ደውሎ ቁጥር እየተጫነ የሚያዳምጠው አይነት፣ ወይም መልእክቱ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል ይሂድ፣ ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት። በኮቪድ ጊዜ ሰው 8335 የደወለው አፕ ስለጠፋ አይደለም፣ መደወል ስለሚችልና ነጻ ስለሆነ ነው። የውጭ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የደቡብ አፍሪካውን ሞምኮኔክት አንብቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለነፍሰ ጡሮች በኤስኤምኤስ የተጀመረ ነው፣ ብዙ ጥናት አለው።

ቲዎሪው

ሁሉንም አትሸምድዱ። ሄልዝ ቢሊፍ ሞዴልን ከሥሩ እወቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰው የቲቢ ራጅ በነጻ ቀርቦለት ለምን አይነሳም ከሚል ጥያቄ ነው የመጣው፣ ይሄ እኮ የኛው የየቀኑ ጥያቄ ነው። ኪም ዊቴ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣችው ሞዴል (EPPM ይሉታል) ደሞ የማስፈራሪያ መልእክት መቼ እንደሚሰራ ያስረዳል፣ ሰውን አስፈራርታችሁ ማድረግ የሚችለውን ካላሳያችሁት ፊቱን ያዞራል። መስሪያ ቤታችሁ የለጠፈውን ፖስተር በዚህ ሞዴል ገምግሙት፣ ግማሽ አሳይመንት ነው።

ኤአይ እንግሊዝኛ ለማረም ከተፈቀደ ተጠቀሙበት፣ ማጣቀሻ እንዲያመጣላችሁ ግን በፍጹም፣ የሌለ ወረቀት ፈጥሮ ይሰጣችኋል፣ ያ ደሞ እንደ ማጭበርበር ሊቆጠር ይችላል።

መመረቂያው

ከሰው መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ ፈቃዱ ከሁለት ቦታ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው የኤቲክስ ኮሚቴና እዚህ ካለው፣ እንደ ቦታችሁ የክልል ጤና ቢሮ ወይም የጤና ምርምር ተቋም። አንዱ የሌላውን ደብዳቤ አይቶ ነው የሚፈቅደው፣ መሃል ላይ ወራት ይሄዳል። የስምምነት ቅጹን በአማርኛ ታዘጋጃላችሁ፣ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፣ ሁለቱ ይተያያሉ። ጥናቱ ጤና ጣቢያ ላይ ከሆነ ከወረዳው የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ የበጀት መዝጊያ ሰኔ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ አይፈርምላችሁም፣ ስለዚ ሰፐርቫይዘር እንደተመደበላችሁ በዛው ሳምንት ደብዳቤውን አስጀምሩ፣ ፕሮፖዛሉን ጎን ለጎን ትጽፋላችሁ።