ለዊልቸር ተጠቃሚ የማይንሸራተት የሽንት ቤት መቀመጫ

ከዊልቸር ወደ ሽንት ቤት የሚሻገር ሰው ክብደቱን በመቀመጫው አንድ ጎን ላይ ይጥላል። ተራው መቀመጫ የሚንሸራተተውና ማጠፊያው የሚሰበረው ለዚህ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት፣ ከቀዳዳዎቹ እስከ ሽንት ቤቱ ሳህን የፊት ጠርዝ ያለውን ርዝመት፣ እንዲሁም መቀመጫው ከወለል የሚኖረውን ከፍታ ለኩ። ከፍታው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር ቢስተካከል ይመረጣል፤ የአሜሪካ መስፈርት ከ43 እስከ 48 ሳንቲሜትር ነው።

መቀመጫውን ገልብጡና እዩት። የማይዝግ ብረት ማጠፊያና ከሳህኑ የውስጥ ጠርዝ ጋር ተጣብቀው የጎን ንቅናቄን የሚገቱ ጎማዎች ያሉትን ምረጡ። የሚችለው ክብደት ካልተጻፈበት ተዉት።

ሲገጠም ብሎንና ሴራሚክ በቀጥታ መነካካት የለባቸውም፤ የጎማ ሮንዴላ በመካከላቸው ይግባ። ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ከልክ ካለፈ ሳህኑ ይሰነጠቃል። ከሳምንት በኋላ ጎማው ስለሚረግብ እንደገና ፈትሹ።

በላዩ የሚደረብ የፕላስቲክ ከፍ ማድረጊያ ግን ለጎን መሻገር አይታመንም፣ ይገለበጣል። በዚህ ፈንታ አራት እግሮቹ ወለሉን ረግጠው ከሳህኑ በላይ የሚቆም የብረት ወንበር ይሻላል። መሀሉ ክፍት ስለሆነ ቁጢጥ ተብሎ በሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ላይም ይሠራል፤ እግሮቹ ጎማ ይኑራቸው፣ ወለሉም ደረቅ ይሁን።